የማይቀዘቅዝ ጋቢ

ልጅ እያለሁ የፈላ ውሃ የሚያመጣልን ባቡር ነበር ብዬ ስነግራቸው የልጅ ልጆቼ ይስቃሉ። «እማማ፣ ባቡር እኮ ሰው ነው የሚያመጣው» ይሉኛል። ሰውም ያመጣ ነበር። ለእኛ ለአቃቂ ጣቢያ ልጆች ግን ባቡር ማለት መጀመሪያ የፈላ ውሃ ነው። የዚያን ጊዜው ባቡር በእንፋሎት ነበር የሚሄደው። ገና ከሩቅ ሲያፏጭ እናቶቻችን ባልዲና ጣሳ ይዘው ሃዲዱ ዳር ይሰለፋሉ። ነጂው ፊቱ ጥላሸት ነው፤ ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ይታያል። ቧንቧውን ሲከፍተው ውሃው እየተንፈቀፈቀ ይወርዳል፣ እንፋሎቱም ሴቶቹን ይሸፍናቸዋል። «ቀስ በል አንተ፣ ልትቀቅለን ነው እንዴ?» ትላለች አንዷ። «ብትቀቀዪም አትበስዪም» ይላታል። ከዚያ ሳቅ ነው።

እናቴ ውሃው ሳይቀዘቅዝባት ሮጣ ቤት ትገባና ልብሳችንን በርሜል ውስጥ ትዘፈዝፍበታለች። የእንዶዱና የእርጥብ ጥጡ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ሥር አለ። አባቴ የሃዲድ ሠራተኛ ስለነበረ ዘይትና አቧራ ከላዩ አይጠፋም፤ እናቴ ግን ንጽሕና የምትወድ ሴት ነበረች። የተንሳፈፈውን ቅማል በእንጨት እየገፈፈች «አያችሁት? ይሄ ነው ሲበላችሁ የከረመው» ትለናለች። እኛም ከዚያ ያለፈ አናውቅም። ቅማል ያሳክካል፣ ያሳፍራል፣ በቃ።

ጓደኛዬ ጫልቱ የታች ሰፈር ልጅ ነበረች። ጣቢያው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ ከእሱ በታች መሬቱ እያዘቀዘቀ ሄዶ ወንዙ ዳር ያበቃል። እዚያ አንድ የጨርቅ ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካው ሳይመጣ በፊት ቦታው የጫልቱ አያት የጤፍ ማሳ ነበር አሉ። ማሳው ሄዶ የቀረቻቸው አንዲት ረጅም የጭቃ ቤት ናት። አባቷ ስለሞተ እናቷ አዴ ድንቄ ያቺን ቤት ለፋብሪካ ሠራተኞች እያከራዩ ነበር የሚኖሩት። አዴ ማለት በእነሱ ቋንቋ እናት እንደ ማለት ነው፤ እኔም አዴ ነበር የምላቸው።

ተከራዮቹ ከየአገሩ የመጡ፣ ዘመድ የሌላቸው ወንዶች ነበሩ። የሚሠሩት በፈረቃ ነው፤ የሚተኙትም በፈረቃ። አንዱ ተነሥቶ ሲወጣ ሌላው ከሥራ መጥቶ እዚያው ፍራሽ ላይ ይጋደማል፣ ያንኑ ጋቢ ይለብሳል። ጫልቱ እየሳቀች «የእኛ ቤት ጋቢ ቀዝቅዞ አያውቅም» ትለኝ ነበር። በክረምት ቅልሞሽ ስንጫወት እጃችን ሲደነዝዝ ሮጠን እንገባና ከዚያ ጋቢ ሥር እንከተዋለን። እንዴት ይሞቅ ነበር! ለብሶት የነበረው ሰው ገና መውጣቱ ነው። እውነቴን ነው፣ እቀናባት ነበር።

አንድ ክረምት ዝናቡ አላባራ አለ። ታች ሰፈር ውሃ ገባው። ልብስ ታጥቦ የሚሰጣበት ፀሐይ ጠፋ፣ እንጨቱ ሁሉ ርሶ እሳት አልያዝ አለ። ሰውም ያለውን ልብስ ሁሉ ደራርቦ፣ ተጠጋግቶ መቀመጥ ሆነ። ያኔ ነው ተስቦ የገባው። መጀመሪያ የአዴ ድንቄ አንድ ተከራይ ተኛ፤ ቀጥሎ በፍራሹ የሚተካው ሌላው። ከዚያ ጎረቤት፣ ከዚያ የጎረቤት ጎረቤት። ይንቀጠቀጣሉ፣ ይቃዣሉ። ትኩሳቱ ለቀቃቸው ሲባል ከሰባት ቀን በኋላ ያገረሽባቸዋል። ብዙውን ሰው የወሰደው ግርሻው ነው።

እኛ የላይ ሰፈሮቹ ደግሞ የራሳችንን ምክንያት አበጀን። ከወንዙ ጉም ጋር እየተሳበ ይወጣል ተባለ፤ ስሙስ ተስቦ አይደል? በወንዙ በኩል ያለውን መስኮት ሁሉ በጨርቅ ወተፍን። ሴቶቹ ባቡር ሲጠብቁ ወሬያቸው እሱ ብቻ ሆነ። «ከዛሬ ጀምሮ የታች ሰው እዚህ አይድረስብን» ያለችው፣ አልደብቃችሁም፣ እናቴ ናት። የጣቢያው ዘበኛ ጋሽ ገረመውም ዱላውን ይዞ ከሰልፉ ጫፍ ቆመ።

በሦስተኛው ቀን ይሆናል ጫልቱ ባልዲ ይዛ መጣች። ከቁመቷ የማይተናነስ ባልዲ ነው። ወደ እኔ ጠጋ ብላ «እናቴ ጋቢውን እንደ አንቺ እናት እንቀቅለው ብላ ነው፤ እንጨቱ አልነድ አለ» አለችኝ። እኔ ነበርኩ እናቴ እንዴት እንደምትቀቅል የነገርኳት። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ፣ እናቴ አጠገቤ ነበረች።

ጋሽ ገረመው መጣ። «አንቺ ልጅ፣ የማን ነሽ?» ጫልቱ ባልዲዋን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ወደ እኔ ዞረ። «አስኩ፣ አንቺ አታጪያትም፤ ይቺ የላይ ናት የታች?»

ጫልቱ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። የእናቴ እጅ ትከሻዬ ላይ ከበደኝ።

«የታች ናት» አልኩ።

እውነት ነው የተናገርኩት። ውሸት ብናገር ኖሮ ምን ነበረበት?

«በይ ተመለሺ የኔ ልጅ፣ እኛም ልጆች አሉን» አላት። አልጮኸባትም እንኳን። ባልዲዋን አንስታ ሄደች። ሁሉም ቀድቶ ሲጨርስ ነጂው የተረፈውን ውሃ መሬት ላይ ለቀቀው። እየጨሰ በቦዩ ወደ ታች ሰፈር ወረደ። እዚያ እስኪደርስ መቼም ቀዝቅዟል።

አዴ ድንቄ ወዲያው ታመሙ። ዳኑ ሲባል ሰማሁና ለብቻዬ ደስ አለኝ፤ ተገላገልኩ ብዬ ነው። ከዚያ አገረሸባቸውና ሞቱ። ከላይ ሰፈር ለቅሶ የሄደ የለም። አንድም ሰው! በእኛ አገር ሰው ሞቶ ለቅሶ አለመድረስ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። እናቴ በር ዘግታ ተቀምጣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ነበር፤ እሱ ለቅሶ ከተባለ።

ተስቦውም ቢሆን አልቀረልንም። ጋሽ ገረመውና የሌሊቱ ዘበኛ በአንድ ካፖርት ነበር የሚፈራረቁት። የሌሊቱ ዘበኛ የታች ሰፈር ሰው ነው፤ ጠዋት ካፖርቱን አውልቆ ለጋሽ ገረመው ያለብሰዋል። እኛ ጉሙን ስንጠብቅ በሽታው በካፖርት ተጠቅልሎ፣ በዘበኛው ትከሻ ላይ ሆኖ ሰተት ብሎ ገባ። ጋሽ ገረመው ሳምንታት ተኝቶ ተነሣ፤ ሱሪው እስኪወልቅ ከስቶ። ያኔም ካፖርቱን ያሰበው ሰው አልነበረም።

የበሽታው ጉዳይ የገባኝ ካረጀሁ በኋላ ነው። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁትም ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። ጤና ጣቢያ የምትሠራው የልጅ ልጄ አንድ ቀን ነገሩን ስነግራት «እማማ፣ እሱን የሚያመጣው የልብስ ቅማል እኮ ነው፤ ሲቀቀል ይሞታል» አለች። ከዚያ «አንድ ባልዲ የፈላ ውሃ ቢኖራቸውስ?» አልኳት። ፊቴን አይታ «አንድ ባልዲ ምን ያደርጋል ብለሽ ነው» አለችኝ። ደግ ልጅ ናት።

ጫልቱ ሳትርቅ እዚሁ ኖረች። ከፍ ስትል ፋብሪካው ገባች፣ አገባች፣ ወለደች። ገበያ እንገናኛለን፤ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስመን፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ወገብ ሕመም አውርተን እንለያያለን። ያንን ቀን አንሥታብኝ አታውቅም። እኔም ይቅር በዪኝ ለማለት ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ የሽንኩርቱን መወደድ አወራሁ።

አሁን ያ ባቡር የለም። እኔም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከልጄ ጋር ነው ያለሁት፤ የላይና የታች ጎረቤቶቼ ከየት እንደመጡ የሚጠይቃቸው የለም። አምና ጫልቱ ሞተች ሲሉኝ በታክሲ አቃቂ በሰቃ ወረድኩ። ድንኳኑ ሞልቷል። ዳር ልቀመጥ ስል ልጇ እጄን ያዘችኝ፤ «እማማ፣ እርስዎማ ከእኛ ጋር ነው የሚቀመጡት፤ ከእናቴ ጋር አብረው ያደጉ አይደሉ?» ብላ ከቤተሰቡ መሀል አስቀመጠችኝ።

ያኔ አለቀስኩ። ድምፄን አውጥቼ፣ ደረቴን እየመታሁ አለቀስኩ። አጠገቤ ያሉት ሴቶች «አይዞዎት፣ ጓደኛ መቼም» እያሉ ደገፉኝ። ለጫልቱ መስሏቸው ነው። ለእሷም ነበር። አብዛኛው ግን የአዴ ድንቄ ለቅሶ ነው፤ ያን ጊዜ ያልደረስኩት።