በቁሙ ለቅሶ የደረስኩለት ተጫዋች

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ያልበሰለ ሎሚ መሰለ፤ ወዲያው የአደጋ ማስጠንቀቂያው ሳይረን ጮኸ። እዚህ አሜሪካ፣ ኮለምበስ ውስጥ ሳይረን ሮብ ሮብ እኩለ ቀን ላይ ለሙከራ ይጮኻል፤ ሕፃን እንኳ አይነቃለትም። በሌላ ቀን ከጮኸ ግን አውሎ ነፋስ እየመጣ ነውና ወደ ቤዝመንት፣ ወደ ምድር ቤቱ፣ መውረድ ነው። ልጄ ሣራ ከታች "ዳድ፣ ካም ዳውን! ናው!" ትላለች። እኔ፣ ጉልበቴ ከድቶኝ አፌ ብቻ የቀረኝ ሽማግሌ፣ መሳቢያ ውስጥ አንድ ያረጀ የቤዝቦል ካርድ እፈልጋለሁ።

ካርዱ ላይ ያሉትን ሰው ያወቅኋቸው እዚሁ ከተማ ሊንደን ሰፈር በገባሁ ዓመት፣ በረዶው እንደቀለጠ ነው። ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ ፀጉርም ትዕቢትም ነበረኝ። ሰሃን ሳጥብ ውዬ ከክሊቭላንድ አቬኑ አውቶቡስ ስወርድ፣ በረንዳቸው ላይ የተቆላ ለውዝ የሚፈለፍሉ ሽማግሌ ጎረቤት ነበሩኝ፤ ሚስተር ዊልበር። እኔ ጋሽ ዊልበር እላቸዋለሁ። ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ ብሏቸው ፖስተኛውንም "ጋሽ በለኝ" ይሉት ጀመር።

አንድ ቀን አየሩ ከበደ። ቅጠል አይንቀሳቀስም፤ ወፎቹ ዝም ብለዋል፤ የጎረቤት ውሻ መኪና ሥር ገብቶ ያላዝናል። ጋሽ ዊልበር ከደረት ኪሳቸው በላስቲክ የተሸፈነ ትንሽ ፎቶ አውጥተው ሰጡኝ። ቆብ ያደረገ፣ ፈገግ ያለ ጎረምሳ ነው። ገልበጥ ሳደርገው ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ ከሥሩ ቁጥር በቁጥር።

እኛ አገር የጎረምሳ ፎቶ ደረቱ ላይ የያዘ ሽማግሌ ሐዘንተኛ ነው። ስለ ቤዝቦል የማውቀው ደግሞ ዱላ እንዳለው ብቻ ነበር። ቆቤን አውልቄ፣ ሁለት እጃቸውን ይዤ፣ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ "እግዚአብሔር ያጽናዎት። ልጅዎ ነበር?" አልኳቸው።

"ማን ሞተና?"

"ይሄ... ፎቶው ላይ ያለው።"

"እኔ እኮ ነኝ!"

እስኪያስላቸው ሳቁ። አንድ በጋ ብቻ በትልቁ ሊግ ተጫውተዋል፤ ከዚያ ጉልበታቸው ተሰበረ። ከዚያ ሁሉ የተረፈቻቸው ፎቷቸውና የጨዋታ ውጤታቸው የታተመባት ይህቺው ካርድ ነበረች። ድንገት ሳቃቸው ቆመና ሰማዩን አዩ።

"በቁሜ ቀበርከኝ፣ ልጄ።"

ሟርት! እናቴ ብትሰማ በበርበሬ ታጥነኝ ነበር። ምራቄን ሳልውጥ ሳይረኑ ጮኸ።

"ጋሽ ዊልበር፣ ይነሱ፣ እንውረድ!"

"የሮብ ሙከራ ነው፤ ቁጭ በል።"

"ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው!"

"ለጡረተኛ ሁሉም ቀን ሮብ ነው። ደግሞ አንተ ቀብረኸኝ የለ? ከዚህ ወዲያ የት ልሂድ?"

ጎተትኳቸው፤ ንቅንቅ የለም። ከሩቅ የባቡር ድምፅ የመሰለ ነገር መጣ፤ ሐዲዱ ግን በዚያ በኩል አልነበረም። የተናገርኩት ሊደርስ ነው አልኩ። ሰይጣን ይሁን መልአክ ዘዴውን ማን እንዳቀበለኝ እንጃ፣ ካርዱን እንደያዝኩ ወደ ቤዝመንታቸው ሮጥኩ።

"ካርዴን! አንተ ሌባ!"

የተሰበረ ጉልበት እንደዚያ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም። ደረጃው ሥር ደርሰው ኮሌታዬን ሲያንቁ ቤቱ ተንቀጠቀጠ፤ ከላይ አንድ ከባድ ነገር ወደቀ።

ስንወጣ የግቢው ዛፍ በረንዳው ላይ ተጋድሟል። ወንበራቸው ከሥሩ እንጨት በእንጨት ሆኗል። ብዙ ቆመው አዩት። ከዚያ ካርዱን ተቀብለው የእኔ ደረት ኪስ ውስጥ ከተቱት። "አንተ ያዘው" አሉ። "እኔ ጋ ሲሆን ቁጭ ያሰኘኛል።"

ከዓመታት በኋላ በገዛ አልጋቸው ላይ አረፉ። ካርዱን ደረቴ ላይ ሰክቼ ቀብር ሄድኩ፤ ለቅሶዬ በመጨረሻ ትክክለኛ ቀኑን አገኘ። አንዱ ለቀስተኛ ጠጋ ብሎ "ይሸጣል?" አለኝ።

እንግዲህ ባለፈው ሐሙስ ካርዱን እንዳገኘሁት ሣራ ደረጃውን ሮጣ ወጣች። ይህን ታሪክ እስኪሰለቻት ነግሬያታለሁ። ከእጄ መንትፋ ወደ ታች በረረች። "ካርዴን!" እያልኩ ተከተልኳት። ሰው ለነፍሱ ሲሉት አይሮጥም፤ ለአንዲት ያለፈች በጋ ግን ጉልበት አያጣም።

ጨለማው ውስጥ ተቀምጠን ነፋሱን ስንሰማ ወደ እሷ ዞርኩ። ካርዱን ደረት ኪሷ ውስጥ ከትታዋለች።

"አውጪው ከደረትሽ።"

"ሁዋይ፣ ዳድ? ጀስት ካርድ ነው።"

ከላይ፣ በረንዳው በኩል፣ አንድ ነገር ሲጥ አለ።

"አውጪው" አልኳት፤ "እኔ ገና ነኝ።"