ለወንድሟ የቀረበ ሳህን

ዩክሬን እማር በነበረበት ጊዜ የክፍል ጓደኛዬ ለገና ዋዜማ ቤቷ ወሰደችኝ። ገበታው ላይ የተቀቀለ ስንዴ ሳይ ክው አልኩ። እኛ ጋይንት ንፍሮ ቀርቦ ዘመድ የሚሰበሰበው ለቅሶ ቤት ነው፤ ታላቅ ወንድሟ ደግሞ ጦር ግንባር ነበር። ታዲያ ገበታውን የከበቡትን ቤተሰቦቿን ምን ያስቃቸዋል? «እግዜር ያጥናችሁ» ልል አፌን ስከፍት ጓደኛዬ ቀድማ፣ «ማር አለው፤ የበዓል ምግብ ነው» አለችኝ። እፎይ አልኩ።

ላግዝ ብዬ ተነሣሁ። ሁለት ትርፍ ሳህን ሰጠችኝ፤ አንዱ በባህላቸው ለሙታን የሚቀመጥ፣ ሌላው የወንድሟ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። እናቷ ብድግ ብለው የልጃቸውን ሳህን ወደ ራሳቸው ወሰዱት። በልተን እስክንነሣ ድረስ እጃቸውን ከላዩ አላነሡም።