የሰቲታ ኩል

በላይኛው ግብፅ፣ ከቄና ከተማ ወዲያ፣ በሸንኮራ አገዳው እርሻ ዳር ባለችው መንደር፣ እንደ ሰቲታ አድርጎ ኩል አልሞ የሚወቅጥ አልነበረም። ስንቷ ሙሽራ በሰቲታ እጅ ተኳኩላ ወጥታለች! እናቷ የሞተችባትን የእህቷን ልጅ ሽሩቅንም ከጨቅላነቷ ጀምራ በየማለዳው ትኩላት ነበር፤ ዓይን ያጠራል፣ ክፉ ዓይን ይመልሳል ብላ።

ሽሩቅ ትምህርት ቤት በገባች ዓመት ከጓደኞቿ ሁሉ ቀድማ ፊደል ለየች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጽሐፏን ዘርግታ ስታነብ፣ ፊደል የማታውቀው ሰቲታ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትከተላታለች። በሁለተኛው ዓመት ግን ልጅቷን ሆዷን ይቆርጣት፣ ያፈዛት ጀመር። ትናንት ያነበበችው ገጽ ዛሬ ይጠፋባታል።

«ዓይኗ ደክሞ ነው» አለች ሰቲታ።

አንድ ቀን ሽሩቅ ከትምህርት ቤቱ ነርስ የተላከ ወረቀት ይዛ መጣች።

«እስቲ አንብቢልኝ፣ የኔ ጨረቃ።»

ልጅቷን ላብ አጠመቃት። «ዓይን… ኩል… ሌላው ፊደል ይሮጥብኛል፣ አክስቴ።»

ጎረቤቷ ኡም ረመዳን ከት ብላ ሳቀች። «ይኸውልሽ! ነርሷም ያንቺን ኩል አዘዘች። ከእንግዲህ ሐኪም ሰቲታ ልንልሽ ነው!»

ሰቲታ ደስ ብሏት አዲስ የኩል ድንጋይ ወቀጠች። ከዚያ ወዲህ ጠዋትም ማታም ኳለቻት።

ወር ሳይሞላ ሽሩቅ ክፍል ውስጥ እየተንዘፈዘፈች ወደቀች። ሰቲታ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ ሮጣ ደረሰች።

«እማማ ሰቲታ፣ ኩሉን ይተዉ ብዬ ጽፌልዎ አልነበረም?» አለቻት ነርሷ። «ድንጋዩ መርዝ ነው። በዓይኗም፣ ዓይኗን አሽታ በምትልሰው ጣቷም ደሟ ውስጥ ገብቶ አእምሮዋን ጎድቷል።»

«ማንበብ አልችልም እኮ፣ ልጄ። አንባቢዬ እሷ ነበረች።»

ነርሷ የሽሩቅን ራስ ቀና አድርጋ ውኃ አጠጣቻት።

«ንባቧ ይመለስላታል?»

«መርዙን በመድኃኒት እናወጣለን። ትምህርቷን ግን… እንጃ፣ እማማ።»

ሽሩቅ ከሆስፒታል በወጣች ማግስት ሰቲታ መጽሐፉን መጀመሪያው ገጽ ላይ ገለጠችላት። ልጅቷ ጣቷን የመጀመሪያው ቃል ላይ አደረገች፤ ጣቷ ግን ከዚያ አልተራመደም። ያን ጊዜ ሰቲታ፣ ፊደል የማታውቀው፣ ገጹን ከዳር እስከ ዳር በቃሏ አለችላት።

«ማን አስተማረሽ፣ አክስቴ?»

«አንቺ ነሻ፣ የኔ ጨረቃ። አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ።»

ሽሩቅ ስለ ሌላ ልጅ የሚወራ ያህል አፏን ከፍታ ሰማቻት።