ድንጋይ የነካው ጠፍር

በገበያው የኋላ በር፣ በጫማ ጠጋኙና በቁልፍ ቀራጩ መሀል የተሸጎጠች አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረች። ገብቶ ለመውጣት እንኳ ወገብን ጠምዘዝ ማድረግ ይጠይቃል። በሩ ላይ ምንም አልተጻፈም፤ ግን እናት፣ ልጅና ምራት ሆነው ሦስት ሰዎች ከጠዋት እስከ ማታ ቢላ ይስሉባት ነበር። ልጅየው በእግር የሚረገጠውን ዙር ድንጋይ እያዞረ የተሸረፈውን ያቃናል። ሚስቱ ከእሱ ተቀብላ በውሃ በራሰ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ትስላለች። የመጨረሻዋ እናትየዋ ናቸው። የእሳቸው እጅ ሳይነካው ከዚያ ሱቅ የሚወጣ ቢላ የለም።

የእሳቸው መሣሪያ ጠፍር ነው፤ ክንድ የሚያህል ወፍራም ቆዳ፣ ከዘመን ብዛት እንደ ተወለወለ ጫማ የጠቆረ። አንዱን ጫፍ ግድግዳው ላይ ካለው ምስማር ያንጠለጥሉታል፤ ሌላውን በግራ እጃቸው ወጠር አድርገው ይይዛሉ። ከዚያ የቢላውን ጀርባ አስቀድመው ወዲያ፣ ገልበጥ አድርገው ወዲህ ይጎትቱታል። ስለቱ ከቀደመ ቆዳው ይቆረጣል። ከድንጋይ ላይ የተነሳ ቢላ ጫፉ ላይ ዓይን የማያየው የብረት ፀጉር ይቀርበታል፤ እሱን አንስቶ ስለቱን እንደ መስታወት የሚያለሰልሰው ጠፍሩ ነው። ገበያተኛው "እማማ ጠፍር" ይላቸዋል። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ደንበኛውን የሚለዩት በሳሉ ወይም በጫማው ኮቴ ነው። ለሥራቸው ግን ዓይን አስፈልጓቸው አያውቅም። የቆዳውን ድምፅ ያዳምጣሉ፣ አውራ ጣታቸውን ስለቱ ላይ አግድም ያሳርፋሉ፣ ከዚያ ቢላውን እንደ ሰው "በል ሂድ" ይሉታል።

የሱቋ ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ ድንጋይ የነካ እጅ ጠፍር አይነካም። ድንጋዩ ላይ የሚጠራቀመው ግራጫ ጭቃ ሲያዩት ለስላሳ ነው፤ ውስጡ ግን አሸዋ ነው። ቆዳው ውስጥ ከገባ አይወጣም፤ ከዚያ በኋላ የሚያልፍበትን ስለት ሁሉ ይጭራል። ምራትየዋ ሕጉን የሰማችው በሙሽርነቷ ሰሞን ነው። አማቷ ሰው እየሰማ፣ "እጅሽን ሳትታጠቢ ልጄን ንኪው፣ ግድ የለኝም፤ ጠፍሬን ግን እንዳትነኪብኝ" ብለዋት ጫማ ጠጋኙ ሳምንቱን ሙሉ ሲስቅባት ከረመ።

ምራትየዋ ክፉ ሴት አልነበረችም። ስለ እሷ የሚወራ ብዙ ነገርም የለም። እናቷ ሲታመሙ ትምህርቷን አቋርጣ ቤት ዋለች፣ የሰው ልብስ አጠበች፣ አገባች፣ ወለደች፣ ጣቶቿ በድንጋይ ውሃ ተበሉ። ደንበኛ ቢላውን ሲቀበል "እጅዎን ይባርከው" የሚለው ለእማማ ጠፍር ነው። የእሷ ሥራ የመሀል ሥራ ነዋ! የመሀል ሥራ ሲበላሽ እንጂ ሲያምር አይታይም። አልከፋትም፤ ወይም እንዳልከፋት ታስብ ነበር።

አማቷ ዓይናቸውን ሊታዩ ሐኪም ቤት የሄዱ ዕለት፣ ባሏም እሳቸውን ይዞ ስለሄደ፣ ሱቁ ውስጥ ብቻዋን ቀረች። እኩለ ቀን ሲጠጋ ማዶ ካለው ሆቴል ሼፉ ሽርጡን እንዳደረገ እየሮጠ መጣ።

"የኔ እህት፣ ያቺን ረጅሟን ቢላዬን ቶሎ!"

"አላለቀችም። ጠፍር ይቀራታል፤ እማማ እስኪመለሱ…"

"እማማ እስኪመለሱ እንግዶቼ እርስ በርስ ይበላላሉ። አንቺ ጨርሺልኝ።"

"እኔ?"

"እና ጫማ ጠጋኙ ይጨርስልኝ?"

ጫማ ጠጋኙ ከጎን ሆኖ፣ "አምጣው፣ በነካ እጄ ሶልም እገጥምለታለሁ" አለ።

እጇ እስከ አንጓዋ ድረስ ጭቃ ነበር። የመታጠቢያው ባልዲ ያለው ከኋላ፣ ከግቢው በር ውጭ ነው። ሼፉ መደርደሪያውን በጣቱ ይደበድባል። እጇን ሽርጧ ላይ ጠረገች፤ ሽርጧም በጭቃ ደርቆ እንደ ካርቶን የቆመ ነበር። ጠፍሩን ያዘችና የአማቷን አኳኋን እያስታወሰች ጀርባውን አስቀድማ ወዲያ፣ ገልበጥ አድርጋ ወዲህ አለች። ቢላዋ አማረች። ሼፉ ወረቀት ሲያስነካት ወረቀቱ ድምፅ ሳያሰማ ለሁለት ተከፈለ።

"እንዴ! አንቺ ሴትዮ፣ አማትሽን ጡረታ ልታስወጫቸው ነው እንዴ?"

ይህን ብሎ ሮጠ። እሷ ግን ባለችበት ቆማ ቀረች፤ ፊቷ ሞቋታል። እዚያ ላይ ብታቆም ኖሮ ምናልባት ነገሩ ቀላል ይሆን ነበር። አንዴ ከቀመሰች በኋላ መተው አቃታት። አንድ ሥጋ ሻጭ እንዲሳሉለት የተዋቸውን ቢላዎች ሳለችና ጭቃቸውን እንኳ በወጉ ሳትጠርግ ከድንጋዩ ወደ ቆዳው፣ ከድንጋዩ ወደ ቆዳው ታመላልሳቸው ጀመር። በየመሀሉ አውራ ጣቷን አሳርፋ ማንም ሳይሰማ "በል ሂድ" ትላለች። ባሏና አማቷ ሲመለሱ ጠፍሩ በሽርጧ ተጠርጎ ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ስለ ሼፉም ምንም አልተናገረች።

ሐኪሙ ለዓይናቸው ከእንግዲህ የሚደረግ ነገር እንደሌለ ነግሯቸው ነበር። በማግስቱ አማቷ ሥራ ጀምረው ትንሽ እንደሄዱ ቆም አሉ።

"ዛሬ ቆዳው ያወራል" አሉ።

ልጃቸው ዙር ድንጋዩን እየረገጠ፣ "ምን ይላል?" አለ።

"እንጃለት። ጥርስ ያበቀለ ይመስላል።"

"ቆዳ ጥርስ አያበቅልም እማዬ። ትናንት ስለደነገጥሽ ነው።"

የምራትየዋ እጅ ድንጋዩ ላይ ቀጥ አለ፤ ከዚያ ሥራውን ቀጠለ። መናገር የነበረባት ያን ጊዜ ነው። ምን ብላ? ከልክለውኝ ነካሁት፣ ደግሞም ደስ አለኝ ብላ? ጭቃው ትንሽ ነው፣ ሲሠራበት ይለቃል ብላ ራሷን አባበለች።

አልለቀቀም። ሥጋ ሻጩ ቢላዎቹን አቅፎ ተመለሰና፣ "ኧረ ይኼ ነገር ሥጋውን ያኝካል እንጂ አይቆርጥም" አለ። ሼፉም ረጅሟን ቢላ ብርሃን ላይ ገልብጦ አሳያቸው፤ ጎኗ ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀጫጭን ጭረት ነበር፤ ድመት የቧጨራት ነው የምትመስለው። ባልየው እናቱ እንዳይሰሙ ደንበኞቹን ወደ ውጭ እየወሰደ፣ "ዓይኗ ነው፤ አትፍረዱባት፣ እርጅና ነው" ይላቸዋል። ማየት የተሳናቸው ሰው ጆሯቸው የት ሄዶ! እማማ ጠፍር ሁሉንም ሰምተዋል። ጠፍር መጎተቱን ያዘገዩ ጀመር፤ ቢላውን ሲያነሱ ጣታቸውን ደጋግመው ያሳርፋሉ፣ "በል ሂድ" ማለት ግን ተዉ።

አንድ ቀን ሁለቱ ለምሳ ሲወጡ ምራትየዋ ጠፍሩን አውርዳ በሩ ላይ ፀሐይ አስመታችው። በቆዳው ቀዳዳዎች ውስጥ የደቀቀ አሸዋ ብልጭ ብልጭ ይላል። ጥፍሯን ስትጎትትበት ድምፁ ሰቀጠጣት። ቦታው መልሳ ሰቀለችው። ነገ እነግራቸዋለሁ አለች። ነገ ሲመጣ ሌላ ነገ ታያት።

ነገሮቹ እንዲህ ሲንከባለሉ ባሏ ሞተር ገዛ። ጨርቅ የለበሰ ጎማ ያለው፣ ሲበራ ሱቁን እንደ ወፍጮ ቤት የሚያናውጥ ማለስለሻ ነበር። የሚገጠምበት ቦታ ስላልነበረ የእናቱን በርጩማ አነሳና ሞተሩን በቦታው በብሎን አሰረው። ማታ ቤት ሲገቡ፣ "እማዬ፣ እስከ ዛሬ የደከምሽው ይበቃል፤ ከነገ ጀምሮ ቤት አርፈሽ ተቀመጪ" አላቸው። በክፋት አልነበረም፤ አንገቱን ደፍቶ ነው የተናገረው። እሳቸውም "ይሁን" ብቻ አሉ። ምራትየዋ ሳህን ታጥብ ነበር፤ አንዱን ሳህን እጇ ላይ ደጋግማ አጠበችው።

ቤት መዋል ለአማቷ አልሆነላቸውም። ምራትየዋ ከሥራ ስትመለስ ሁልጊዜ በመስኮቱ ሥር ተቀምጠው፣ ትሪ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ከምስር ውስጥ ጠጠር ሲለቅሙ ታገኛቸዋለች። የሚለቅሙት በዳሰሳ ነው። ጨርሰው የለቀሙትን ምስር መልሰው ይበትኑታል፤ እንደገና ይዳስሱታል። ምስሩ ጥርት ያለ ነው። አንዲት ጠጠር አታመልጣቸውም። እሳቸው ግን ምስሩንም አላመኑትም።

አንድ አመሻሽ ላይ ትሪውን ገፋ አድርገው፣ "ነይ እስቲ ቁጭ በይ" አሏት። ተቀመጠች።

"ልጄ ያዝንልኛል፣ ስለዚህ ይዋሸኛል። አንቺ አትዋሺኝም። አጠገቤ ነበርሽ፤ እጄ መበላሸት የጀመረው መቼ ነው?"

ምራትየዋ ከትሪው አንዲት ምስር አንስታ በጣቶቿ መሀል አሸቻት።

"አይዞሽ፣ አልቀየምሽም። ማወቁ ይሻለኛል። ሰው መቼ እንደወደቀ እንኳ ሳያውቅ እንዴት ይቀመጣል?"

"እጅዎ አልተበላሸም እማማ።"

"አንቺም ጀመርሽ?"

"አይደለም። ጠፍሩን… እኔ ነክቼው ነው። ሐኪም ቤት የሄዱ ቀን። ሳልታጠብ።" ከዚያ በኋላ ሁሉም ተከታትሎ ወጣ፤ ሼፉም፣ ሽርጡም፣ የሥጋ ሻጩ ቢላዎችም፣ ደስ ማለቱም። ደስ ማለቱን ባትናገር ይቀላት ነበር፤ እሱንም ተናገረች።

አማቷ እጃቸውን ዘረጉ። ከዚያ "አምጪው" አሉ። ጠፍሩን ባሏ ሲጥለው አንስታ አልጋ ሥር ሸሽጋው ነበር። እሳቸው ተቀብለው አሸተቱት፣ ጥፍራቸውን ጎተቱበት፣ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው እንደገና ጎተቱበት።

"ያወራል ብዬ ነበር" አሉ።

"ብለው ነበር።"

"እሱ አልሰማኝም። የዙር ድንጋይ ጩኸት የለመደ ጆሮ ነው፣ አልፈርድበትም። አንቺ ግን ሰምተሽኝ ነበር።"

ቢጮሁባት በወደደች። ቢሰድቧት፣ ጠፍሩን ፊቷ ላይ ቢወረውሩት ደስ ባላት። እሳቸው ግን ትሪውን መልሰው ጭናቸው ላይ አደረጉና፣ "ለባልሽ ትነግሪዋለሽ፤ እኔ ባለሁበት" አሉ።

ጠዋት ዳቦ ሲቆርስ ነገረችው። የቆረሰውን አስቀመጠ። አንዴ እሷን አየ፣ አንዴ እናቱን። "ታዲያ ሞተሩን ምን ላድርገው?" አለ፤ ያን ጊዜ በአፉ የመጣለት ያ ብቻ ነው።

"ሞተርህን ያዝ" አሉ እናቱ። "እኔ በርጩማዬን ነው የምፈልገው።"

በርጩማው በሩ ሥር ተቀመጠላቸው፤ የድሮው ቦታ በብሎን ተይዟል። ምራትየዋ ቆዳ ሻጭ ዘንድ ሄዳ ያገኘችውን ጥሩ ቆዳ አስቆርጣ አመጣች፤ አማቷም ሰም እየቀቡ፣ እያሹ፣ እየገሩ ሰነበቱ። ከዚያ ምራትየዋ እጇን ታጥባ፣ ሽርጧን አውልቃ፣ በየደንበኛው ደጅ መዞር ያዘች። "ያኔ የተበላሸው በእሳቸው አይደለም፤ እኔ ነኝ ያበላሸሁት" ትላለች። ሥጋ ሻጩ ሳቀ፤ "እና አሁን ይኼን ልትነግሪኝ ነው ከሥራዬ የምታስፈቺኝ?" አላት። ሼፉ ግን ከልቡ ግራ ገባው።

"ኧረ ተይው የኔ እህት! ሴትዮዋ ማየት ተስኗቸዋል፣ ምን አደከማቸው? ሞተሩ ይሻለኛል።"

"ቢላው ጥሩ በነበረ ጊዜም ዓይን አልነበራቸውም።"

"አውቃለሁ። ግን አንዴ ልቤ ፈርቷል፤ ምን ላድርግ?"

ወሬውን የነዛችው እሷ አይደለችም፤ ግን በዝምታዋ አሳድጋዋለች፣ አሁን ስትጠራው አልመለስ አላት። ብዙ ለምና አንዲት ትንሽ የልጣጭ ቢላ ከሼፉ ተቀበለች፤ "ይህቺን ብቻ" እያለ ነው የሰጣት።

አማቷ ቢላዋን ከእሷ እጅ ሲቀበሉ፣ "ታጥበሻል?" አሉ።

"ታጥቤያለሁ።"

አዲሱን ጠፍር ወጠር አድርገው ጀርባዋን አስቀድመው ጎተቱ። ሞተሩ በዚያ በኩል ያጓራል፤ እሳቸው ግን ጆሯቸውን ወደ ቆዳው አዘንብለዋል። እጃቸው ያው የድሮው እጅ ነው፤ ምራትየዋ ከጎን ሆና አየችው፣ አንድም የተዛነፈ ነገር የለውም። ጨርሰው አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። "በል ሂድ" የሚሉ መስሏት ጠበቀች።

"ብርሃን ላይ እይልኝ እስቲ" አሉ፤ "ጭረት አለው?"

እንዲህ ያለ ነገር ማንንም ጠይቀው አያውቁም ነበር።

ቢላዋን ይዛ ወደ በሩ ወጣች፣ ገልብጣ አየቻት። "የለውም እማማ። ጥርት ያለ ነው።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

"በዚያኛውም በኩል?"

አሁንም በየቢላው እንዲሁ ይጠይቋታል። ጭረት እንደሌለው ቀድማ ታውቃለች፤ እሷ ግን ሳታይ መልሳ አታውቅም። ከድንጋዩ ትነሳለች፣ እጇን ትታጠባለች፣ በሩ ጋ ትሄዳለች፣ በሁለቱም በኩል ታያለች፣ ተመልሳም "የለውም" ትላቸዋለች። እሳቸውም ቢላውን ተቀብለው ለራሳቸው አንዴ ደግመው ይዳስሱታል።