የሁለቱ ሴቶች የመጀመሪያ አልበም

እንግሊዝ አገር፣ ሀል ከተማ ውስጥ አሮጌ የሙዚቃ ሸክላ እሸጣለሁ። ስልሳ ያለፋቸው አንዲት ሴት ዝናብ ያበሰበሰው ካፖርት እንደለበሱ ወደ ሱቄ ገቡ። ሁለት ወጣት ሴቶች አብረው የዘፈኑትን የመጀመሪያ አልበም አነሱና ሽፋኑ ላይ የአንደኛዋን ፊት በአውራ ጣታቸው ሸፈኑ።

«ላጫውትልዎ?» አልኳቸው።

«ካላስቸገርኩሽ፣ የኔ ልጅ።»

እንደቆሙ አዳመጡ። ወፍራሙ ድምፅ ሲመጣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ቀጭኑ ሲገባ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

«የሸፈኑት የራስዎን ፊት ነው እንዴ?»

«አዎ፣ እሷን ብቻ ልያት ብዬ ነው። ባለፈው ወር ቀበርናት።»

የማጫወቻውን መርፌ አነሳሁ። «ዘፈኑን ልድገምልዎ?»

«ዘፈኑን ተይው። ከመጀመሯ በፊት አየር የምትስብበትን ብቻ መልሽልኝ።»

መርፌውን መለስኩት። ትንፋሿ ሲሰማ እሳቸውም አብረው አየር ሳቡ፤ ግን አልዘፈኑም።