ለእኔ ክብር የቀዘቀዘው ፍሪጅ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ አይጥ የሚያሳድድ እንጂ አይጥ የሚያወፍር ሰው አይታወቅም። ስለዚህ እማዬ ሥራዬን ለጎረቤት ስታስረዳ አይጦቹን ዘልላ ታልፋለች። «ልጄ የስኳር በሽታን የምትመረምር ዶክተር ናት» ትላለች። ሐሰት አይደለም። የምኖርበት ሩቅ አገር ላቦራቶሪ ውስጥ አይጦችን ቅባት በበዛበት መኖ አወፍራለሁ፤ ከዚያ ጉበታቸው ስብ ሲሞላ ኢንሱሊን የሚያዘውን ለምን መስማት እንደሚያቆም እመረምራለሁ። ዕድሜዬ በዚህ አንድ ጥያቄ ላይ አልቋል።

አንድ ጊዜ ለአክስቴ እውነቱን ነግሬያት ነበር።

«ይኼን ሁሉ ዓመት ሰው አገር የተቀመጥሽው አይጥ ልታደልቢ ነው?» አለችኝ። «የእኛን ጎተራ ብታዪው በነጻ የደለቡ ነበሩልሽ እኮ!»

ባልደረቦቼ ደግሞ በቅርቡ ጾምን አግኝተዋል። አንደኛው ስብሰባ ላይ፣ ሰው ቁርሱን ትቶ እስከ ከሰዓት ቢቆይ ጉበቱ እንደሚያርፍ በትልቅ ስክሪን ሲያሳየን ሁሉም በመደነቅ ማስታወሻ ያዘ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለነበር እኔም ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም። ስብሰባው ሲያልቅ ሰውዬው ራሱ ብስኩት ይዞ መጣ። ይቅርብኝ ስለው «ለራስሽ ትንሽ ደግ ብትሆኚ ምን አለበት?» አለኝ። ሳቄን ዋጥኩት። መሳቅ ጾም አያስፈታም፤ በሰው መሳለቅ ግን ያስፈታ ይሆን ብዬ እፈራለሁ።

ናሙናዎቻችን የሚቀመጡበት ማቀዝቀዣ ከዋልታ ብርድም የባሰ የሚቀዘቅዝ ነው። በሩ በደንብ ሳይገጥም ከቀረ ስልኬ ይጮኻል፤ ለአንድ የአይጥ ጉበት ቅዳሴ አቋርጬ የወጣሁበት ቀን አለ። በእኛ ሙያ ቀዝቃዛ ጥሩ ነው፤ ይበልጥ የቀዘቀዘ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። ለዚህ ይሆናል ለእማዬም በየእሑዱ ስደውል «መድኃኒትሽ ቀዝቃዛ ቦታ ይሁን፣ አደራ፣ ቀዝቃዛ ቦታ!» ስል የኖርኩት።

እማዬ በኢንሱሊን መርፌ የምትኖር ሰው ናት። ጠዋትና ማታ ካልተወጋች ስኳሯ ሽቅብ ይወጣል። የቤታችንን ፍሪጅ መብራት ሄዶ ሲመለስ ካቃጠለው ወዲህ መድኃኒቷ የሚቀመጠው ከፊት ለፊታችን ካለው የሐጂ ሱቅ፣ ለስላሳ ከሚቀዘቅዝበት ፍሪጅ ውስጥ ነው። ሐጂ ከአባታቸው ጀምሮ ጎረቤታችን ናቸው። ብልቃጡን ከእማዬ በስተቀር ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም። «የእትዬ መድኃኒት አማና ነው» ይላሉ፤ ኃላፊነቱ በአላህ ፊት ነው ማለታቸው ነው።

በግንቦት፣ አስፋልቱ ከእግር ሥር በሚለሰልስበት ወር፣ ለዕረፍት መጣሁ። ባጃጁ በራችን ላይ ሲቆም ግቢው በዘመድ ሞልቷል። ሐጂ ለስላሳውን በሳጥን ይዘው መጡ። ጠርሙሱን ስጨብጠው እጄ ደነዘዘ፤ ስጠጣው ጥርሴን ጠዘጠዘኝ።

«ሐጂ፣ እኔ ባለሁበት በረዶ አገር እንኳ እንዲህ ያለ ቀዝቃዛ ነገር ጠጥቼ አላውቅም» አልኳቸው።

ለማስደሰት ያልኩት ነው። እሳቸውም በጣም ተደሰቱ።

እንግዳው ሳያቋርጥ ሰነበተ። ሁሉም የመድኃኒት ከረጢቱን ይዞ፣ ያበጠ እግሩን ዘርግቶ ይጠይቀኛል። ለሰው መድኃኒት የማዝ ሐኪም እንዳልሆንኩ ብናገር ማን ይስማኝ! እማዬ በኩራት ጀሪካኗን አጠገቧ አድርጋ ውኃ ትጠጣለች። ትጠጣለች፣ ትነሳለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ትጠጣለች። ሙቀቱ ነው ብለን ነበር። እሑድ ግን የቅዳሴ ደወል ተደውሎ እማዬ ከአልጋዋ አልተነሳችም። እኔ እስከማውቀው እማዬ ቅዳሴ ቀርታ አታውቅም። ጣቷን ወግቼ ደሟን በስኳር መለኪያው አየሁ። መለኪያው ቁጥር መስጠቱን ትቶ «ከፍተኛ» ብቻ አለኝ።

መድኃኒቷን ወስዳ እንደሆነ ጠየቅኳት፤ እስከ ትናንት ማታ በሰዓቱ ወስዳለች። እንግዲህ ጥፋቱ የአፍ ነው አልኩና ምርመራዬን ጀመርኩ።

«እማዬ፣ ለስላሳ ቀምሰሻል?»

«በእመቤቴ! ከንፈሬ ነክቶት ከሆነ ይድረቅ።»

«ዘመድ ከማጀቴ ከተማ ያመጣው ብርቱካንስ?»

«አንዱን ግማሽ። ሌላውን ግማሽ አክስትሽ በላችው፤ እሷን ጠይቂያት።»

«እኔን ምን አገባኝ?» አለች አክስቴ ከደጅ። «ልጄ፣ አይጦችሽንም እንዲህ ነው የምታፋጥጫቸው? እነሱስ ያምናሉ?»

ለባልደረቦቼ በስልክ ጻፍኩላቸው። እሑድ ነው ሳይሉ ወዲያው መለሱ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። አንዱ ጉበቷ ላይ ስብ ተከማችቶ ሊሆን ይችላል አለኝ። ሌላው የደስታ ሆርሞኖች ሊሆኑ ይችላሉ፣ የልጇ መምጣት ነው አለኝ። ሦስተኛው በትሕትና፣ ከእናቴ ጉበት ትንሽ ናሙና ማግኘት ይቻል እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔ ራሴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ የእናቴ ጉበት ኢንሱሊንን መስማት ያቆመው ለምን ይሆን እያልኩ ዘመኔን የፈጀሁበትን ሐሳብ አመላልሳለሁ። እማዬ ግን ትንፋሿ እየፈጠነ መጣ።

«ሐኪም ቤት ልንሄድ ነው» አልኳት። «መድኃኒትሽን ላምጣና እንውጣ።» መንገዱን በሩጫ አቋረጥኩት።

«ነይ ልጄ፣ ማሻአላህ» አሉ ሐጂ። ፍሪጁን ከፍተው ለስላሳ ሲያወጡ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው አልፈስም አለ፤ ግግር በረዶ ሆኗል። ፊታቸው በራ። «አየሽ? ወላሂ፣ ያንቺን ምስጋና ከሰማሁ ወዲህ ብርዱን እስከ መጨረሻው ጨምሬዋለሁ። ከብርድ አገር የመጣ ሰው በዚህ ሙቀት ይጎዳል።»

ጆሮዬ ውስጥ የሆነ ነገር ጮኸ፤ የማቀዝቀዣችን ደወል መሰለኝ።

«ሐጂ፣ የእማዬ መድኃኒት የት ነው ያለው?»

«ከኋላ፣ ግድግዳውን አስጠግቼ። ከሁሉ ከሚበርደው ቦታ! እሱን ለለስላሳ እሰጣለሁ?»

ካርቶኑ በረዶው ላይ ተጣብቋል። በማንኪያ እጀታ ፈልቅቀው አወጡት። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ነጭ ድንጋይ ነው። ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም ዋጋ የለውም። የእማዬ ጉበት ሰማ አልሰማ፣ የሚናገረው ከሞተ ሰንብቷል።

ሐጂ ፊቴን አዩ። «ገደልኳት?»

«አልገደሏትም። ቶሎ ባጃጅ ይጥሩልኝ።»

ሱቁን እንኳ ሳይዘጉ ሮጡ። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ለእማዬ ግሉኮስ የሌለበት ፈሳሽ ተሰካላት፣ አዲስ ኢንሱሊንም ተሰጣት። ትንፋሿ ረጋ እስኪል ሐጂ በሩ ላይ ቆመው በመቁጠሪያቸው ዱዓ ያደርጋሉ፤ እኔ በውስጤ «እመቤቴ ሆይ» እላለሁ። ነርሷ መድኃኒቱ በረዶ መሆኑን ስትሰማ ወደ ግድግዳው ጠቆመች። እዚያ ኢንሱሊን ያለ ፍሪጅ እንዴት በልኩ እንደሚቀዘቅዝ የሚያሳይ ሥዕል ተለጥፏል፦ ትንሽ የሸክላ ድስት በትልቅ የሸክላ ድስት ውስጥ፣ መሃሉ እርጥብ አሸዋ፣ ላዩ እርጥብ ጨርቅ።

«እማማ፣ ይህን አሳይቼዎት አልነበረም?»

«አሳይተሽኛል» አለች እማዬ፣ ዓይኗን እንደጨፈነች።

«ታዲያ ለምን አላደረጉትም?»

«የዶክተር እናት መድኃኒቷን አሸዋ ውስጥ ቀበረች ላስብል?»

«መርፌውስ በረዶ ሆኖ ስታገኚው ምን አልሽ?» አልኳት።

«ደስ አለኝ። ቀዝቃዛ ይሁን ያልሽው አንቺ አይደለሽም? በብብቴ አሙቄ ወጋሁት።»

ነርሷ ወደ እኔ ተመለከተች። እኔ የተሰካውን ፈሳሽ ጠብታ በጥሞና መመልከት ጀመርኩ።

እማዬ ድና ቤት ስትገባ ሐጂ ከሮቢ ወንዝ አሸዋ አስመጥተው፣ ራሳቸው ነፍተውና አጥበው አቀረቡ። ድስቱን አክስቴ ከገበያ ገዛች። እማዬም በአንድ ነገር ተስማማች፦ እንግዳ ባለበት እኔ ራሴ አዘጋጅቼ እንዳስቀምጠው። እንደተባልኩት አደረግኩ።

«ልጄ ከውጭ ያመጣችው ዘዴ ነው» አለች ለተሰበሰበው ሰው።

«ድስቱን እኔ ገዝቼው የለ እንዴ?» አለች አክስቴ።

«ድስቱ የእኛ ነው። ዘዴው የውጭ ነው።»

ውሸት ሰምቶ ዝም ማለት ያስጨንቀኛል። «ኧረ ከውጭ አላመጣሁትም» አልኩ። «ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ያለ ነው። ሁላችሁም አይታችሁታል።»

እማዬ ወደ እንግዶቹ ዞረች። «ሰማችሁ ትሕትናዋን?»

ሰዉ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ፤ አንዳንዶቹ መረቁኝ። ወደ ላቦራቶሪዬ ከመመለሴ በፊት በሰፈሩ የስኳር ሕመምተኛ ያለባቸው የሁለት ቤት ሰዎች የውጭውን ዘዴ ሊያዩ መጥተው ነበር።

ዛሬም አይጦቼን አወፍራለሁ፣ የማቀዝቀዣው ደወልም ይጮኻል። እሑድ ስደውል ግን «ቀዝቃዛ ቦታ» ማለቱን ትቻለሁ።

«እማዬ፣ አሸዋውን አረጠብሽው?»

«አርጥቤው ነው ቅዳሴ የሄድኩት፤ አሁን መመለሴ ነው» ትለኛለች። ከኋላዋ የአክስቴ ድምፅ ይሰማል፤ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የሐጂ ለስላሳ ለብ ብሏል እያለች ታማርራለች።