በጮኽሽበት ቦታ

የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ የደረቀውን መሬት ሲመታ የሚነሣው ሽታ፣ ዛሬም ሰቆጣ ከተማ ውስጥ ባጃጅ በሚጮኽበት ደጄ ላይ ቆሜ እንኳ እናቴን ያመጣብኛል። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ደሃና ውስጥ ባለችው ትንሽ መንደራችን ክረምቱን ጭቃውን ረግጣ፣ አቡክታ፣ በሣር ሸፍና ታቆየው ነበር፤ ዝናቡ ሲያባራም ድስቱንና እንስራውን አበጅታ በኩበት እሳት ትተኩሰው ነበር። ሰው ድስቷን ይወድ ነበር፤ ዓይኗን ግን ይፈራ ነበር።

በአንድ መስከረም፣ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እናቴም ነፍሰ ጡር ሳለች፣ የጎረቤታችን የታደሉ ልጅ በትኩሳት ወደቀ። ታደሉ ሴቱ ሁሉ ውሃ ሊቀዳ በተሰበሰበበት ምንጭ ላይ ቆማ፣ «ልጄን በላችብኝ! ያቺ ሸክላ ሠሪ፣ ያቺ ቡዳ በላችብኝ!» ብላ ጮኸች፤ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥላም በኽምጣንጋ፣ ያልሰማ እንዳይኖር። ልጁ በሳምንቱ ድኖ ሲሮጥ ታየ፤ ቃሉ ግን እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲያ እናቴ ስታልፍ ሴቶች ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍኑ ነበር፤ ከእኔ ጋር የሚጫወትም ጠፋ። እኔም በማውቃት ጥቂት ፊደል የታደሉን ስም አፈር ላይ ጽፌ በእግሬ እረግጠው ነበር።

በጥቅምት እህቴ ተወለደች። የንስሐ አባታችን ቤቱን ጠበል ሊረጩ መጥተው፣ «ልጄ፣ በየቀኑ የበደሉንን ይቅር እንደምንል እያልሽ ትጸልያለሽ፤ ቂም ይዘሽ እንዴት ልጅ ታስጠምቂያለሽ?» አሏት።

«ይቅር እላለሁ፣ አባ። ጓዳዬ ተደብቄ ግን አልልም፤ የተሰደብኩት በአደባባይ ነው» አለቻቸው። ከዚያ ወደ አባቴ ዞራ የሕፃኗ የክርስትና እናት ታደሉ እንደሆነች ነገረችው።

አባቴ ከመደቡ ዘሎ ተነሣ። «አብደሻል አንቺ! ልጄን ለዚያች ምላሰኛ አላስታቅፍም!»

«እሷ ልጇን ከእኔ ደበቀች፤ እኔ ልጄን አልደብቅባትም። የፈራው ማን እንደሆነ አገር ይየው።»

በጥር፣ ሰማንያው ቀን ሲቃረብ፣ ሕፃኗን አዝላ፣ እጄን ይዛ ታደሉ ደጅ ሄደች። አትፈራም ነበር ብዬ አልዋሽም፤ እጄን እስኪያመኝ ድረስ ጨብጣው ነበር። ታደሉ ገና ስታየን ልጇን ከኋላዋ ሸሸገችው።

«ሸሽጊው፣ ግድ የለም» አለቻት እናቴ። «እሑድ ልጄ ክርስትና ትነሣለች። የምታነሻት አንቺ ነሽ። ሌላ ሰው አልጠራሁም።»

መልስም ሳትጠብቅ እጄን ይዛ ተመለሰች።

እሑድ ንጋት ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመን፣ እኔ ወደ መንገዱ፣ አባቴ ወደ መሬቱ እያየን ነበር። «የክርስትና እናቷ የታለች?» አሉ ካህኑ። እናቴ፣ «ትመጣለች» አለች። ደግመው ጠየቋት። «ትመጣለች አልኩ እኮ!» ስትል ድምጿ ሰው ሁሉ እንዲዞር አደረገ። ተስፋ ልንቆርጥ ስንል ታደሉ እያለከለከች ደረሰች፤ ሕፃኗንም ከጥምቀቱ ውሃ ተቀብላ በነጠላዋ አቀፈቻት፤ እናቴንም ከመስከረም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አየቻት።

«በድዬሻለሁ» አለቻት፣ በሹክሹክታ።

«ደጅሽ ሳልደርስ ይቅር ብዬሻለሁ። ግን አበልጄ፣ ያን ቀን በሹክሹክታ አልነበረም። በጮኽሽበት ቦታ መልሰሽ ጩኺው። በሁለቱም ቋንቋ።»

ሰኞ ጠዋት ታደሉ እንስራዋን አውርዳ ምንጩ አጠገብ ቆመችና፣ «ዋሽቻለሁ! የልጄን ሕመም በአበልጄ ላይ ያላከክሁ እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች። አንዲት አሮጊት፣ «አማርኛው ደኅና ነው፤ ኽምጣንጋው ግን አልተሰማኝም፣ ድገሚው» ብላ አስደገመቻት። እናቴ እየሳቀች እንስራዋን ሞላችላት። ፋሲካን አብረን ፈሰክን፤ በክረምቱ ደግሞ የታደሉ ልጅ ከእኛ ጭቃ አጠገብ አይጠፋም ነበር።

እኔ እናቴን አልሆንኩም። አምስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን አቋርጬ፣ አግብቼ፣ ወልጄ፣ የበሩን መቀርቀሪያ ሦስት ጊዜ ሳላይ የማልተኛ ሴት ሆኛለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ልጇን ከልጄ አጠገብ ጎትታ፣ «ከሸክላ ሠሪ ዘር ጋር አትቀመጪ» አለቻት፤ ልጄም ሰማች። እኔም ሁለት ቀን ልጄን ከቤት አስቀረኋት። በልጅነቴ ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍኑ የነበሩት ሌሎች ነበሩ፤ ዛሬ የገዛ ልጄን የሸፈንኩት እኔው ነኝ።

ዛሬ ጠዋት ግን ፀጉሯን ሠርቼ፣ እጇን ይዤ ወጣሁ። እኔም እንደ እናቴ እጇን እስኪያማት ድረስ ጨብጬው ነበር። ሴትዮዋን በሩ ላይ አገኘኋት፤ ይቅር ብዬሻለሁ አልኳት፤ ምኑን እንደሆነም ነገርኳት። ከዚያ «በተናገርሽበት ቦታ መልሰሽ ተናገሪው» ብዬ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ከፊቷ ቆሜ ጠበቅሁ።